ልጄ እርሳሱን «50 ሜትር ነው» ይላል፣ ርዝመት መገመት እንዴት ነው ሚለመደው?

ጥያቄው፦ «ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ 2ኛ ክፍል። መደመር መቀነስ ላይ ጎበዝ ነው፣ ርዝመት ላይ ግን ተቸግረናል። የቤት ስራው ‹መጀመሪያ ገምት፣ ከዛ ለካ› ይላል፣ እሱ እርሳሱን 50 ሜትር፣ በሩን 10 ሴንቲ ብሎ ይፅፋል። ስቆጣው ደሞ መጀመሪያ ይለካና ግምት ሚለው ቦታ ላይ የለካውን ይገለብጣል። በማስመሪያ ሲለካም ብዙ ጊዜ በ1 ሴንቲ ይበልጥበታል። አባቱ ‹100 ሴንቲ 1 ሜትር፣ 1000 ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ሚለውን በቃሉ ያጥና› ይላል። እናቴ ደሞ በስንዝርና በክንድ ታስለካዋለች፣ ደስ ይለዋል፣ ግን ሳይንሳዊ ስላልሆነ ያምታታዋል ብዬ ከለከልኳት። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ክልከላውን አንሺ። ከሦስታችሁ ውስጥ ለልጁ አሁን ሚያስፈልገውን ነገር እያደረጉለት ያሉት እናትሽ ናቸው፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

ልጅሽ እርሳስ 50 ሜትር ነው ሲል ቁጥር ጠፍቶበት አይደለም። የጠፋበት ሜትር ራሱ ነው። ሜትር ለሱ ቃል ነው በቃ፣ ይዞት ወይ ተራምዶት አያውቅም። አንድ ዳቦ 5000 ብር ነው ብትይው ግን ይስቅብሻል አይደል? ሱቅ ተልኮ ብሩን ሰጥቶ ዳቦውን ተቀብሎ ስለሚያውቅ በእጁ ያውቀዋላ። በሜትር ግን አንድም ቀን ምንም አድርጎ አያውቅም። ስለዚ ገምት ስትይው ከሰማቸው ቁጥሮች አንዱን ይጠራል፣ ያ ደሞ ግምት አይደለም። መገመት ማለት ያላወቅሽውን ርዝመት ከምታውቂው ርዝመት ጋር በሐሳብ ማስተያየት ነው። ልብስ ሰፊ ቁመትሽን አየት አድርጎ ይሄን ያህል ሜትር ጨርቅ ግዢ ሚልሽ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ሲዘረጋና ሲለካ ስለሚውል ነው፣ ሜትሩ ክንዱ ውስጥ ገብቷል። ልጅሽ ውስጥ እስካሁን የገባ ርዝመት የለም።

ለዚህ ነው የአባቱን ሐሳብ አሁን ማልደግፈው። 100 ሴንቲ 1 ሜትር ነው ሚለው እውነት ነው፣ ግን ልጁ ማያውቃቸውን ሁለት ነገሮች እርስ በርስ ሚያገናኝ አረፍተ ነገር ነው። በቃሉ ሸምድዶት ፈተና ላይ ሊያገኝ ይችላል፣ እርሳሱ ግን 50 ሜትር እንደሆነ ይቀጥላል። እኔ 5ኛና 6ኛ ክፍል ያሉ፣ ኪሎ ሜትርን ወደ ሜትር ቀይር ሲባሉ አንድ ዜሮ ማይሳሳቱ ልጆች የክፍሉን ቁመት 20 ሜትር ብለው ሲፅፉ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ 20 ሜትር ማለት እኮ ወደ 7 ፎቅ ሊጠጋ ነው። ቅየራው ይምጣ፣ ግን ሜትሩና ሴንቲው አካል ካገኙ በኋላ ይምጣ።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ፣ ዋናው ነገር ያለው እዛ ነው። ስንዝር፣ ክንድ፣ ጋት፣ ጫማ፣ እርምጃ ሳይንሳዊ አይደሉም ስትዪ ማለት የፈለግሽው ከሰው ሰው ይለያያሉ ነው። ልክ ነሽ ይለያያሉ፣ መማሪያ ሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ጠረጴዛ በአያቱ ስንዝር 5 መጣ እንበል፣ በሱ ስንዝር ደሞ 7። እዚህ ጋ ዝም በይና እሱ ይደነቅ፣ ከዛ «ጠረጴዛው አልተለወጠም፣ ያንተ ለምን በለጠ?» ብለሽ ጠይቂው። መጀመሪያ ብዙዎቹ ልጆች «የኔ እጅ ስለሚበልጥ» ይላሉ፣ አትደንግጪ። እጃቸውን ከአያታቸው እጅ ጋር ገጥመው ሲያዩ ነው መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ እንደሚጨምር ሚገባቸው። ይሄ ልኬት ውስጥ ካሉት ትልልቅ ሐሳቦች አንዱ ነው፣ በኋላ ያው በር በሜትር 2 በሴንቲ 200 ሲሆን ግር እንዳይለው ሚያደርገው ይሄ ነው፣ ከአያቱ ጋር ካላገኘው ከማስመሪያ አያገኘውም።

ሰፈር ውስጥ ኳስ ሚጫወቱ ልጆችን አይተሻል? ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ጎሉን በጫማ ይለካሉ፣ ተረከዝ ከጣት እያስነኩ። አንዱን ጎል ትልቁ ልጅ፣ ሌላኛውን ትንሹ ልጅ ከለካው ሁለቱም «6 ጫማ» ብለው ጎሎቹ ግን እኩል አይሆኑም፣ ጭቅጭቁ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ «አንድ ሰው ይለካው» ይባላል። ያ «አንድ ሰው ይለካው» ሚለው ውሳኔ ነው የሜትር መነሻ። ድሮ ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር ሲባል እንሰማ የለ፣ ያው ጭቅጭቅ ነው። ፈረንሳዮች በ1790ዎቹ ሜትርን ሲያወጡ ከማንም ሰው እጅና እግር እንዳይሆን ብለው ነው ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ ያለውን ርቀት ለ10 ሚሊዮን አካፍለው አንዱን ድርሻ የወሰዱት። ልጅሽ ይሄን ታሪክ ማወቅ የለበትም፣ ጭቅጭቁን ግን መቅመስ አለበት፣ አለበለዚያ ማስመሪያ ለምን እንደሚያስፈልገው አይገባውም።

ስንዝር ላይ ግን ሁለት ነገር ተከታተዪ። አንደኛ ስንዝሩን ሲያዞር ክፍተት ይተዋል ወይ ይደርባል፣ ትንሽ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው አውራ ጣቱ መነሳት ያለበት። ቁጭ ብለሽ አሳዪው፣ ጠመኔ ካለ በየማብቂያው ምልክት ያድርግ። ሁለተኛ መሀል ላይ መለኪያ ይቀይራል፣ በስንዝር ጀምሮ ጫፉ ላይ ትንሽ ስትተርፍ ጣቱን አስቀምጦ «8 ስንዝር» ይላል። «7 ስንዝርና 2 ጣት» ብሎ እንዲናገር አስለምጂው፣ ነገ «1 ሜትር ከ20» ማለት ይሄው ነው።

ስለ 1 ሴንቲዋ ስህተት፣ መንስኤዋ ከሦስት አንዷ ናት ብዬ አስባለሁ። ልጁ መቁጠር ከ1 ነው ሚጀምረው ተብሎ ስላደገ እቃውን 1 ላይ ያስጀምራል፣ ወይም ደሞ በሰረዞቹ መሀል ያለውን ክፍተት ሳይሆን ሰረዞቹን ራሳቸውን ይቆጥራል፣ ወይም ማስመሪያው ራሱ ዜሮው ከጫፉ ገባ ያለ ሆኖ አንዴ ከጫፉ አንዴ ከዜሮው ይለካል። ማስመሪያውን አገላብጠሽ እዪው፣ በአንዱ ጠርዝ ሴንቲ በሌላው ኢንች ያለበት ከሆነ የኢንቹን ጎን በፕላስተር ሸፍኚው፣ 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ስለሆነ በተሳሳተው ጎን ካነበበ መልሱ ከግማሽ በታች ነው ሚወርደው። የቱ እንደሆነ ለመለየት እርሳሱን ዜሮ ላይ ሳይሆን 3 ላይ አስጀምረሽ 10 ላይ እንዲያልቅ አድርጊና ስንት ነው በዪው። 7 ካለ ገብቶታል። 10 ካለ እየለካ አይደለም፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቁጥር እያነበበ ነው። 8 ካለ ሰረዝ እየቆጠረ ነው። ሰረዝ ለሚቆጥር ልጅ መፍትሄው በየአንድ ሴንቲ የተቆረጡ የወረቀት ቁራጮችን ማስመሪያው ላይ ደርድሮ ቁጥሩ ሰረዙ ሳይሆን ወረቀቱ እንደሆነ እንዲያይ ማድረግ ነው። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ግን እሱ ራሱ በእጁ ይደርድረው።

ግምቱን መገልበጡ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳስበኛል፣ ይሄን ደሞ ያስተማርነው እኛ ትልልቆቹ ነን። ግምቱ 12፣ ልኬቱ 15 ሲሆን ኤክስ ካደረግንበት፣ ወይ አንቺ እንዳልሽው ከተቆጣነው፣ ልጁ ሚወስደው ትምህርት «ግምት ማለት መልሱን ማወቅ ነው» ሚል ነው፣ ከዛ ለክቶ መገልበጡ ብልህነት ነው። መቆጣቱን ዛሬውኑ አቁሚ። ግምቱን ላጲስ በማያጠፋው እስክሪብቶ ይፃፍ፣ ከተለካ በኋላ ማይነካ ነው ተባብላችሁ ተስማሙ፣ ምትጠይቂውም «ትክክል ነህ ወይ» ሳይሆን «በስንት አለፈህ?» ይሁን። 3 ሴንቲ ካለፈው «ትላንት በስንት ነበር?» በዪው። ለጀማሪ ቁጥር መጥራት ከከበደው ደሞ ቁጥር አትጠይቂው፣ «ከስንዝርህ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሁለት ስንዝር ይሞላል?» በዪ። «ከዚህ ይበልጣል፣ ከዚህ ያንሳል» ማለት ራሱ ግምት ነው፣ ያውም ጥሩ ግምት። ትልቅ ሰው እንኳ የ1 ሜትርን ነገር በ10 እና በ15 ሴንቲ ቢስት ምንም አይደለም፣ ከ7 ዓመት ልጅ የበለጠ አትጠብቂ።

አንድ ነገር ደሞ አለ፣ ሰው ብዙም ማያስተውለው፣ አነጋገራችን። አማርኛ ላይ «ረጅም» ብቻውን ሊቆም ይችላል፣ ስናስተያይ ግን «ከ» ይፈልጋል፣ ከምን? ልጆች «ይሄ ረጅም ነው» ብለው ሲያቆሙ «ከምን?» በያቸው፣ ሁሌም። ከዛ «ከእርሳሱ ይረዝማል»፣ ትንሽ ቆይቶ «ከእርሳሱ በ2 ጣት ይረዝማል» እያለ ያድጋል፣ ያቺ «በ» ከገባች ልጁ ማነፃፀር ብቻ ሳይሆን ልዩነት መለካት ጀምሯል። «የቱ ይበልጣል?» ሚለውን ጥያቄ ደሞ ርዝመት ላይ አትጠቀሚው፣ ልጅ ሚበልጠው ትልቁ፣ ወፍራሙ፣ ከባዱ ሊመስለው ይችላል፣ ጀበናና ማማሰያ አጠገብ ላጠገብ አድርገሽ ብትጠይቂው ጀበናው ይበልጣል ቢል አልተሳሳተም። «የቱ ይረዝማል?» በዪ። ቁመት፣ ወርድ፣ ርቀት፣ ጥልቀት ሚሉትንም በየቦታቸው ስትጠቀሚ ይስማ፣ ሁሉም በአንድ ሜትር ሚለኩ መሆናቸው ለልጅ ግልፅ አይደለም።

እድሜው ላይ ትንሽ ልበል። ሁለት እኩል እርሳሶች ጎን ለጎን አድርጊና እኩል ናቸው ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ አዎ ሲል አንዱን ትንሽ ወደፊት ግፊው። አሁንስ? ከ7 ዓመት በታች ያሉ ብዙ ልጆች ወደፊት የወጣው ረዘመ ይላሉ፣ የስዊዘርላንዱ የልጆች አስተሳሰብ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ያጠናውና ከዛ በኋላ ብዙ የተወራበት ነገር ነው። ልጅሽ እንደዛ ካለ ገና ነው ማለት ነው፣ በማስመሪያ ብታስጨንቂው ትርፉ ማስመሪያ መጥላት ነው፣ ጥቂት ወራት ማስተያየት ብቻ ያድርግ፣ ጫፍ ከጫፍ እያስተካከለ። እኩል ናቸው ካለሽ መንገዱ ክፍት ነው። ጫፍ ማስተካከሉን ግን ለሁለቱም አትርሺ፣ ከወንድሙ ጋር ሲለካካ አንዱ ደረጃ ላይ ከቆመ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል፣ እርሳስ ላይም ያው ነው።

ቀጥሎ ሚመጣው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ማይችሉ ነገሮችን ማስተያየት ነው። ቁም ሳጥኑ በበሩ ይገባል? አልጋው በዛኛው ግድግዳ በኩል ይበቃዋል? እዚህ ሲባጎ ስጪው፣ የአንዱን ርዝመት በሲባጎ ወስዶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሲባጎው ሚለጠጥ እንዳይሆን፣ ላስቲክ ምናምን ከሆነ በሳበው ቁጥር ልኬቱ ይቀየራል። እንደዚህ አይነት እውነተኛ ጥያቄ ከ20 የደብተር ጥያቄ ይሻላል፣ መልሱን ሚያርመው አንቺ ሳትሆኚ በሩ ራሱ ነው።

ከዛ በኋላ ነው በጭንቅላቱ ሚይዛቸው ርዝመቶች ሚገቡት፣ ብዙ አይሁኑ፣ 4 ወይ 5 ይበቃሉ፣ ግን ሁሌም ያሉ፣ ማይጠፉ ነገሮች ይሁኑ። የ1 ሴንቲ የጣቱ ወርድ ነው፣ በዚህ እድሜ የብዙ ልጆች ጠቋሚ ጣት ወደ 1 ሴንቲ ይጠጋል፣ ለኩት። ስንዝሩን ለክቶ በራሱ እጅ ይፃፈው፣ 14 ይሁን 15 የራሱ ቁጥር ነው (በየጊዜው ያድጋል፣ በየ6 ወሩ እንደገና ለኩት፣ ይሄንን በጣም ይወዱታል)። ማስመሪያው 30። ለ1 ሜትር ደሞ ከወለል ተነስቶ የራሱ ገላ ላይ የት ጋ እንደሚደርስ ፈልጉ፣ አብዛኛው የ7 ዓመት ልጅ ትከሻው አካባቢ ነው፣ እዛው ግድግዳው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበትና በወጣ በገባ ቁጥር ይየው። በር 2 ሜትር ከትንሽ ነው። ሰፈራችሁ ያልተለሰነ የብሎኬት አጥር ካለ ትልቅ ሀብት ነው፣ የብሎኬት ቁመት 20 ሴንቲ ርዝመቱ 40 ስለሆነ 5 ድርድር ከነማያያዣው ከ1 ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል፣ አጥሩን ሳይነካ ድርድሩን ቆጥሮ ቁመቱን መናገር ይችላል። ግንባታ አጠገብ ምትኖሩ ከሆነ ፌሮ ሲወርድ አሳዪው፣ የተለመደው ፌሮ 12 ሜትር ነው፣ ትልቅ ርዝመት በዓይን ለማየት ከሱ ሚሻል ነገር ከተማ ውስጥ ብዙ የለም።

እነዚህ ከተያዙ ሩቅ መሄድ ይቻላል። አንድ ፎቅ 3 ሜትር አካባቢ ነው ብሎ ካወቀ፣ በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ አሁን አክሱም የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ነው ስትዪው የ8 ፎቅ ሕንፃ ብሎ ሊያስብ ይችላል፣ ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ደሞ 33 ሜትር ነው፣ 11 ፎቅ፣ ከአንድ ድንጋይ። ቁጥር ለልጅ እንደዚህ ሲሆን ነው ሚያስገርመው። ኪሎ ሜትርን ግን በዓይን አትሞክሩት፣ በእግርና በሰዓት ነው ሚገባው፣ አንድ ኪሎ ሜትር በልጅ እርምጃ ሩብ ሰዓት ወይ ትንሽ በለጥ ያለ መንገድ ነው። አብራችሁ ተራመዱት። ከዛ በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጠ ሲባል ልጁ የሆነ ነገር ይሰማዋል።

አሜሪካ ሆናችሁ ይሄን ምታነቡ ካላችሁ፣ እዛ ትምህርት ቤት ኢንችና ፊት ስለሚጠቀም ልጁን ቤት ውስጥ ቅየራ አታስጀምሩት። ኢንቹን በራሱ ነገር ይያዝ፣ ሜትሩን በራሱ፣ እንደ ሁለት ቋንቋ ነው። ስንዝርና ክንድ ደሞ ለሁለቱም ይሠራል፣ የእናትና ያባት ቋንቋ ማስለመጃም ነው።

መጠንቀቅ ያለብሽ ጥቂት ነገሮች። ቆሞ ያለ ነገር ከተኛ ነገር ረዝሞ ነው ለሁላችንም ሚታየው፣ የበሩን ቁመት አብዝቶ የምንጣፉን ርዝመት ቢያሳንስ የልጁ ጥፋት አይደለም፣ ያንኑ ሲባጎ አንዴ አቁመሽ አንዴ አስተኝተሽ አሳዪው። የአናጢዎቹን የብረት ሜትር ብቻውን አትስጪው፣ ሲጠቀለል ጣት ይቆርጣል፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል፣ ግን አሮጌ ከሆነ ስለሚረዝም በማስመሪያ አመሳክሪው። ቁመቱን ከእህት ወንድሙ ወይ ከጎረቤት ልጅ ጋር እያስተያየሽ አታስተምሪው፣ አጭር የተባለ ልጅ ከዛ በኋላ ሚሰማው ሒሳቡን አይደለም። ደብተሩን ዓይኑ ስር አስጠግቶ ሚያይ፣ ሰሌዳ ለማንበብ ዓይኑን ሚያጨነቁር ከሆነ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሪ። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ 9 እና 10 ዓመት ሲሆነው እንኳ ከሁለት ቁጥር የቱ እንደሚበልጥ ወይ ከሁለት ዱላ የቱ እንደሚረዝም ግራ ሚገባው ከሆነ ደሞ ጉዳዩ የልምምድ ብቻ ላይሆን ስለሚችል የልጆችን የመማር ችግር ሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ካንቺ ገለፃ ግን ልጅሽ ላይ እንደዛ ሚያሰኝ ነገር አልታየኝም።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽ። ለ3 ሳምንት ማስመሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ሳምንት ማስተያየትና ሲባጎ፣ ሁለተኛው ከአያቱ ጋር ስንዝርና ጫማ፣ የሁለቱ ቁጥር ለምን እንደማይገጥም እስኪጨቃጨቁ ድረስ፣ ሦስተኛው ግድግዳው ላይ የ1 ሜትሩ ምልክትና የራሱ ጣት። በቀን ከ10 ደቂቃ አይለፍ፣ ቡና ሲፈላ ወይ ምሳ ሲቀራረብ፣ «ረከቦቱ ስንት ስንዝርህ ይሆናል?» ብለሽ፣ ይገምታል፣ ይለካል፣ አለቀ። በ4ኛው ሳምንት ማስመሪያውን ስታወጪው ዜሮዋን እሱ ራሱ ፈልጎ ያሳይሽ፣ ከዛ ያንን የ3 እና የ10 ሙከራ ድገሚው። ለመምህሩ ደሞ ደብተሩ ላይ አጭር ማስታወሻ ፃፊለት፣ ግምቱ ከልኬቱ ቢለይም ኤክስ እንዳያደርግበት፣ ከቻለ ልዩነቱን ብቻ ጎን ላይ እንዲፅፍለት። በነዚህ 3 ሳምንታት ውስጥ የቤት ስራው ላይ ግምት ካለ እንደተለመደው ይሥራው፣ እርሳሱ አሁንም 50 ሜትር ከሆነ አታርሚው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት ጋ ወስደሽ እርሳሱን አጠገቡ አስይዢውና ዝም በዪ።